ስለ ሽቦ አልባ መረብና ስለ በር ጠባቂው

በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ



በቀድሞው ዘመን ወደ ንጉሥ አዳራሽ ለመግባት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚገናኘው ከእልፍኝ አስከልካዩ ጋራ ነበር። እርሱም የመጣውን ሰው ማንነትና ጉዳይ ጠይቆ የሚገባውን ያስገባል፤ የማይገባውን ይመልሳል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ዋይፋይ እያልን የምንጠራው ሽቦ አልባ መረብም እንደዚሁ አስከልካይ ያስፈልገዋል። የንግግራችንም ዓላማ ይህ አስከልካይ መሣሪያዎችን በምን ለይቶ እንደሚያውቅ፤ ደግሞም በምን እንደሚታለል መግለጥ ነው።

ዋይፋይ በመሠረቱ ሬዲዮ ነው። መረቡ በሽቦ በነበረ ጊዜ ወደ እርሱ ለመግባት ሽቦው ወዳለበት ክፍል መግባት ግድ ነበርና፤ በሩን የቆለፈ ሰው መረቡንም ቆለፈ ማለት ነበር። የሬዲዮ ሞገድ ግን ግድግዳ አያግደውም። ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድ ከቦሌ መንገድ በሚነሣበት በወሎ ሰፈር ቆመው የእጅ ስልክዎን ቢመለከቱ፤ የሱቁ፣ የካፌው፣ የሆቴሉና የቢሮው መረብ ስም በተራ ተሰልፎ ይታይዎታል። በአንድ ፎቅ ውስጥ ከታች ካፌ ከላይ መሥሪያ ቤት ቢኖር፤ የጸሐፊው ደብዳቤ ከሠንጠረዡ ሳይነሣ ሞገዱ ከታች ቡና ከሚጠጣው ሰው ዘንድ ይደርሳል። እንግዲህ የግቢው ዘበኛ የሰውን መታወቂያ እንጂ ሞገድን ሊይዝ አይችልምና፤ ጥበቃው በራሱ በመረቡ ላይ መደረግ አለበት።

የመጀመሪያው የጥበቃ ዘዴ የስም ዝርዝር ነው። በመረብ የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ ማክ አድራሻ የሚባል፤ በ12 ቁጥሮችና ፊደሎች የሚጻፍ መለያ አለው። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያዎቹ 6ቱ የፋብሪካውን ማንነት ያመለክታሉ፤ የቀሩት 6ቱ የመሣሪያው ተራ ናቸው። የመረቡ ኀላፊ የመሥሪያ ቤቱን መሣሪያዎች አድራሻ በራውተሩ ላይ መዝግቦ «ከእነዚህ በቀር ማንም እንዳይገባ» ብሎ ሊያዝ ይችላል። ነገሩ ሲሰሙት የተሟላ ጥበቃ ይመስላል።

ነገር ግን ሁለት ብርቱ ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው፤ መልእክቱ በምስጢር ጽሑፍ ቢሸፈን እንኳ የላኪው ማክ አድራሻ በግልጥ በሞገዱ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ በአጠገብ ያለ አድማጭ የተፈቀደለትን አድራሻ ሰምቶ በራሱ መሣሪያ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ይህም በር ላይ ቆሞ የገባውን ሰው ስም ከሰማ በኋላ «እኔም እርሱ ነኝ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 እና ከ2020 ወዲህ የወጡት የስልክ ሥርዓቶች የባለቤታቸውን እንቅስቃሴ ከተከታታይ ለመሰወር ሲሉ፤ ለመረቡ የሚናገሩት እውነተኛውን ሳይሆን የተለወጠ አድራሻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሐሰተኛውን እያስገባ እውነተኛውን ሠራተኛ ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛው ዘዴ የጋራ የይለፍ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ ጋራ የወጣው የምስጢር አጻጻፍ፤ በ2001 ደካማነቱ በሊቃውንት ተገለጠ። በ2004 ደብልዩ ፒ ኤ 2፤ በ2018 ደግሞ ደብልዩ ፒ ኤ 3 የተባሉት የተሻሉ ሥርዓቶች ወጡ። ይሁን እንጂ መቆለፊያው የቱን ያህል ቢጠነክር፤ ቁልፉ ለ50 ሰው ከታደለና በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ምን ይረባል? አንድ ሠራተኛ በዝውውር ሲሄድ ቁልፉን በልቡ ይዞ ይሄዳልና።

ሦስተኛውና ለመሥሪያ ቤት የሚስማማው ዘዴ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቁልፍ መስጠት ነው። 802.1ኤክስ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ለዚህ ነው። ሠራተኛው በራሱ ስምና በራሱ ምስጢር ይገባል፤ ሥራውን በለቀቀ ቀን የእርሱ ፈቃድ ብቻ ይሰረዛል፤ የሌሎቹ ሥራ አይታወክም።

የዚህን ልዩነት ከእጅ ስልካችን ልንረዳው እንችላለን። እያንዳንዱ ስልክ *#06# ሲጻፍበት የሚታይ ባለ 15 አኀዝ መለያ አለው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ስልኮችን በዚህ ቁጥር መመዝገብ ሲጀምር፤ ዓላማው ስርቆትንና ኮንትሮባንድን ለመከላከል ነበር። ይህ ቁጥር ግን የሚነግረን የዕቃውን ስም ነው። ደንበኛውን ለይቶ የሚያሳውቀው ሲም ካርዱ ሲሆን፤ በውስጡ ያለው የምስጢር ቁልፍ ከቶ በሞገድ ላይ አይነገርም። መረቡ ጥያቄ ይልካል፤ ካርዱም በቁልፉ አስልቶ መልሱን ብቻ ይመልሳል። የነገሩ ሁሉ ፍሬ ይህ ነው፤ ለማንም የሚሰማ ስም ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃ የሚሆነው ሳይነገር የሚረጋገጥ ምስጢር ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ነገሩ የባለሙያ ብቻ ስላልሆነ ነው። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ውስጥ ያለው የባለጉዳዩ ይዞታ፣ የጡረተኛው ማኅደር፣ የሕመምተኛው ምስጢር ነው። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ሆኗል፤ የግል መረጃን የያዘም አካል በሚገባ እንዲጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያዛል። ነገር ግን ሕግ የሚቀጣው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ነገ ቢሮዎ ሲገቡ እነዚህን ይመልከቱ። ከፋብሪካው ጋራ የመጣው የራውተሩ የይለፍ ቃል ተለውጧልን? ለእንግዶች የተለየ መረብ አለን? ሥራ የለቀቁት ሰዎች ፈቃድ ተሰርዟልን? በቤትዎም ቢሆን ረጅም የይለፍ ቃል ይምረጡ፤ የማክ ዝርዝሩን ቢይዙም እንደ ማስታወሻ እንጂ እንደ አጥር አይቍጠሩት።

ባለጉዳይ ምስጢሩን ለእኛ አደራ ሲሰጥ የሚያየው የእኛን ፊት ነው፤ ሞገዱ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ይህን ማወቅና መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።