አዲሱ ገበያ «ሀብታም» የሆነበት ሰንጠረዥ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች እንበል። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። መብራት ከአከራይዋ ቆጣሪ ትጋራለች፤ አሮጌ ቴሌቪዥን አላት። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ትቀዳለች። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ይቺ ሴት ሀብታም ናት ወይስ ድሃ?

ጎረቤቶቿን ብትጠይቁ ይስቁባችኋል። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ብትጠይቁ ግን «ከአገሪቱ እጅግ ሀብታም አንድ አምስተኛ ውስጥ ናት» የሚል መልስ ሳይሰጣችሁ አይቀርም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ይህ መልስ እንዴት እንደሚወጣ ከገባችሁ ስለ ሀብትና ስለ ልጆች ጤና የሚጻፈውን ሁሉ በሌላ ዓይን ታነባላችሁ።

ጠያቂዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ «በወር ስንት ታገኛላችሁ?» አይሉም። ደግ አደረጉ፤ ማን እውነቱን ይነግራቸዋል? ገበሬውማ ቢፈልግም የወር ገቢ ብሎ የሚቆጥረው የለውም። ስለዚህ የሚጠይቁት ስለ ዕቃ ነው። መብራት አለ? ሬዲዮስ? ፍሪጅ? የኤሌክትሪክ ምጣድ? ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ፍራሽ ያለው አልጋ? ወለሉ አፈር ነው ሲሚንቶ? ውኃ ከየት ይቀዳል? ከብት ስንት ነው? በ2008 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 2016) በተካሄደው ጥናት 16,650 ቤቶች እንዲህ ተጠይቀዋል። ለእያንዳንዱ መልስ በስሌት ነጥብ ይሰጥና የቤቱ ድምር ይወጣል። ከዚያ የአገሪቱ ሕዝብ ከዝቅተኛው ነጥብ እስከ ከፍተኛው በአንድ ረጅም ሰልፍ ይደረደርና ሰልፉ አምስት እኩል ቦታ ይቆረጣል። የመጀመሪያው «እጅግ ድሃ»፣ የመጨረሻው «እጅግ ሀብታም» ይባላል። ፊልመርና ፕሪቸት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 2001 የህንድን መረጃ ይዘው ዘዴው እንደሚያስኬድ ካሳዩ ወዲህ በብዙ ታዳጊ አገሮች ይሠራበታል።

አሁን ሰልፉን ተመልከቱት። በዚያ ዓመት መብራት የነበረው ከአራት የኢትዮጵያ ቤቶች አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። አምፖልና ሊሾ ያለው ቤት ከአፋርና ከዋግ ኽምራ ጎጆዎች ጋር ሲሰለፍ እሩቅ ፊት ይገኛል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ «እጅግ ሀብታም» የሚለው ሳጥን ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቦሌው ባለ ቪላም፣ የአዲሱ ገበያ አከራይም፣ ልብስ አጣቢዋ ተከራይም አንድ ላይ።

ጥናቱን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምለው። በአገር ደረጃ የሚያሳየው ልዩነት እውነተኛና የሚያስደነግጥ ነው። መቀንጨርን እንውሰድ፤ ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ ሲቀር ማለት ነው። በ2008 ጥናት ከእጅግ ድሆቹ ልጆች 45 በመቶው፣ ከእጅግ ሀብታሞቹ ደግሞ 26 በመቶው ቀንጭረው ነበር። በክልል ሲታይ ከሁሉ የባሰው ጤፍና ስንዴ የሚያበቅለው አማራ ክልል ነበር፤ 46 በመቶ። አዲስ አበባ 15 በመቶ ነበረች። መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት በ2007 ቃል ሲገባ የዚሁ አማራ ክልል ከተማ የሆነችውን የሰቆጣን ስም መምረጡ ያለ ነገር አይደለም። ሞትም እንዲሁ ነው። ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት አዲስ አበባ 39፣ አፋር 125 ነበሩ። ዋና ዋናዎቹን ክትባቶች በሙሉ ያገኙት አዲስ አበባ 89 በመቶ፣ አፋር 15 በመቶ።

እዚህ ላይ «ቁመት እኮ የዘር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በቂ ምግብና እንክብካቤ ያገኙ ልጆችን ለክቶ ነበር። የአክራው፣ የዴልሂውና የኦስሎው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያድጉት ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ ተገኘ። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የዕድገት መለኪያ የተሠራው ከዚያ ነው። በዚያ መለኪያ ደህና ካደጉ 100 ልጆች አጭር የሚባሉት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው።

እንግዲህ 26 በመቶን እንደገና እዩት። «እጅግ ሀብታም» ከተባሉት ልጆች አንድ አራተኛው እንዴት ይቀነጭራል? እኔን ለብዙ ጊዜ ያስገረመኝ ይሄ ቁጥር ነው። መልሱ ግልጽ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያቺ ተከራይ አለች፤ እሷን የሚመስሉ የየከተማው ብዙ እናቶችም አሉ። አምፖልና ቴሌቪዥን ነጥብ ያስገኛሉ እንጂ ለሕፃን እንቁላልና ወተት አይሆኑም። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች ተገቢውን አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ስለ ሕክምናው ደግሞ ሁለት ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። አንዱ ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል የዌልስ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1971 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ጥሩ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚገኘው እምብዛም የማያስፈልጋቸው ሰዎች ዘንድ ነው ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ብራዚላዊው ሴዛር ቪክቶራ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2000 በዚያው መጽሔት፣ አዲስ የጤና አገልግሎት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሳው ያለው ሰው ስለሆነ ልዩነቱ ቀድሞ ይሰፋል፤ ድሃው ዘግይቶ ሲደርስበት ነው የሚጠበው አሉ። የኛ አገር ወሊድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1992 ዓ.ም ጤና ተቋም የወለዱት 5 በመቶ ነበሩ፤ በአብዛኛው የከተማ ሴቶች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀበሌ ለቀበሌ ከገቡ፣ አምቡላንስ ከተመደበና በጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ከሆነ በኋላ በ2011 ዓ.ም 48 በመቶ ደረሰ።  አዲሱ ገበያ ባለበት ጉለሌ ክፍለ ከተማ ደግሞ ለድሆች ታስቦ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። አዲሱ ገበያ ከሐኪም ቤት የራቀ ሰፈር አይደለም ለማለት ነው።

ታዲያ ሐኪም ቤት ቅርብ ከሆነ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ወደ ግቢው እንመለስ። የአከራይዋም የተከራይዋም ልጅ በአንድ ሌሊት ተቅማጥ ያዛቸው እንበል። ሕይወት የምታድነው የለምለም (በውኃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ መድኃኒት) ከረጢት በሁለቱም አቅም ትገዛለች፤ እዚህ እኩል ናቸው። ነገር ግን አከራይዋ ሮቶ አላት፤ ፈረቃው ቢያልፍ ውኃ አይቋረጥባትም። ተከራይዋ ሦስት ቀን የቆየ የጀሪካን ውኃ ነው ያላት፤ ያንኑ ለመጠጥ፣ ለሳህን፣ ለእጅ ታብቃቃዋለች። የሷ ልጅ ቢድንም ከወር በኋላ ተመልሶ ይታመማል። በታመመ ቁጥር ከስቶ ይነሳል፤ መቀንጨር አንድም የሚሠራው እንዲህ ነው።

ልጁ ትኩሳትና ፈጣን ትንፋሽ ቢጨምርስ? አከራይዋ ራይድ ጠርታ ወደ ግል ክሊኒክ ትሄዳለች። ተከራይዋ ለነገ ልብስ እንድታጥብ ተቀጥራለች። ብትቀር የዕለት ገንዘቧ ቀረ፤ ደንበኛዋም ሌላ ሴት ልታስገባ ትችላለች። «እስከ ማታ ልየው» ትላለች። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። የሳንባ ምች ደግሞ እስከ ማታ ላይጠብቅ ይችላል። በ2008 ጥናት በአገሪቱ የሳንባ ምች ምልክት ከታየባቸው ልጆች ወደ ሕክምና የተወሰዱት ከሦስት አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ።

የጤና መድህን የካርዱንና የምርመራውን ወጪ ያቀልላል፤ ከፍለው መግባት ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራርም አለ። ምዝገባው ግን በወረዳ ስለሆነ በየጊዜው ቤት የምትቀይር ተከራይ በቀላሉ ትዘለላለች። የጠፋውን የሥራ ቀን ደግሞ የትኛውም መድህን አይተካላትም።

እንደ እኔ አስተያየት ለአዲስ አበባ የብቻዋ ሰልፍ ያስፈልጋታል። የከተማዋን ቤቶች ብቻ እርስ በርስ አወዳድሮ አምስት ቦታ መቁረጥ ይቻላል፤ መረጃው አለ። በብሔራዊው ሰንጠረዥ ብቻ በጀት የሚመድብ ባለሥልጣን ተከራይዋን ሊያያት አይችልም፤ በእሱ ወረቀት ላይ እሷ ሀብታም ናት።

እስከዚያው እናንተ የምታደርጉት ነገር አለ። የሕፃን ክትባት በነጻ ነው፤ ቀጠሮው ግን ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር ነው። በሥራ ቀን ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ቤታችሁ የምትሠራ ወይም ልብስ የምታጥብላችሁ ሴት ሕፃን ካላት የክትባት ካርዱን ቀን ጠይቋት፤ ያን ቀን ሂጂ በሏት፤ ሂሳቧን ሳትቆርጡ።