ቮልስ ላይ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ እና የዘይት ግፊት ሴንደር አብረው ሲገጠሙ

የቻናሉ ቤተሰቦች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ። «ቮልሴ ላይ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ልገጥም ነው፤ የዘይት ግፊት ጌጅም ከነሴንደሩ ገዝቻለሁ። የፓምፑን ሽቦ በሴንደሩ በኩል ባሳልፈው ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም አብሮ ይጠፋልኛል?» ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ለሥራው የተመረጠው ዕቃ ግን አይሆንም። ነገሩ መኪና እስከማቃጠል ሊደርስ ስለሚችል ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሰው ለምን ወደ ኤሌክትሪክ ፓምፕ እንደሚሄድ ይገባኛል። የቮልስ የራሱ ፓምፕ ሜካኒካል ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ያለ ካም ይገፋዋል። የተቀመጠው ከኋላ፣ ከጋለው ሞተር ላይ ሲሆን ቤንዚኑን የሚስበው ከፊት ካለው ታንከር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ግፊት ቤንዚን በቶሎ ይተናል፤ መኪናው ትኩስ እንዳለ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ አልነሳም የሚለውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ፊት ለፊት ከታንከሩ አጠገብ ተቀምጦ ቤንዚኑን እየገፋ የሚልክ ፓምፕ ይህን ችግር በደንብ ይቀንሰዋል። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው።

ሜካኒካሉ ፓምፕ ግን ማንም ልብ የማይለው አንድ ጥቅም አለው፦ ሞተሩ ከቆመ እሱም ይቆማል። ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ይዙር አይዙር አያውቅም። በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ካያያዛችሁት ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ይገፋል። መኪናው ተጋጨ እንበል፤ ሞተሩ ጠፋ፣ የነዳጁ ጎማ ቱቦ ተበጠሰ፣ ሹፌሩ ደንግጦ ቁልፉን ሳይዘጋ ወረደ። በሰዓት 100 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በየደቂቃው ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ያፈሳል ማለት ነው። ግጭት ባይኖርም የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ መርፌ በቆሻሻ ከተያዘ ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል፣ ከዘይቱም ጋር ይቀላቀላል። ቮልስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሞተሩ ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ሲደፋበት የባሰ ይነዳል። ስለዚህ ሞተር ሲቆም ፓምፑን የሚያቆም ነገር ሳይገጠም ኤሌክትሪክ ፓምፕ መግጠም የለበትም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሴንደሩ። ለጌጅ የሚሸጠው ሴንደር በውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምርና ሲቀንስ የሚለዋወጥ ሬዚስታንስ ነው። ቪዲኦ (VDO) የሚባለው ብራንድ ሴንደሮች ግፊት ዜሮ ሲሆን 10 ኦም አካባቢ፣ ግፊቱ ጣሪያ ሲደርስ 180 ኦም አካባቢ ያሳያሉ። የአሜሪካኖቹ ብዙዎቹ በተቃራኒው ከ240 ጀምረው ወደ 33 ኦም ይወርዳሉ፤ የአንዱን ሴንደር ከሌላው ጌጅ ጋር ካገናኛችሁ መርፌው የሚነግራችሁ ሁሉ ሐሰት ነው። የፓምፑን ኔጋቲቭ በቪዲኦ ሴንደር በኩል ወደ ቦዲ ብታወርዱት ምን ይሆናል? ግፊት በሌለበት ሰዓት መንገዱ ይከፈትለታል፣ ግፊት ሲመጣ ይዘጋበታል። የምንፈልገው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦም የጌጅ መርፌ ለማንቀሳቀስ እንጂ ፓምፕ ለመሸከም አልተሠራም። በስህተት 12 ቮልት በቀጥታ ቢደርሰው በ10 ኦም ላይ 1.2 አምፔር ያልፋል፤ ይህ 14 ዋት የሚያህል ሙቀት ነው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሴንደሩ ይሞታል። ስለዚህ ሴንደሩ ለጌጁ ብቻ ይሁን።

ሁለት እግር ያለው የቪዲኦ ሴንደርም አለ፤ አንዱ እግር ለጌጅ፣ ሌላው ለቀዩ የዘይት መብራት ነው። ብዙ ሰው «ያው ሁለተኛው እግር ስዊች ነው፣ ፓምፑን በእሱ አዝዘዋለሁ» ይላል። የመብራቱ ስዊች ግን ግፊት ሳይኖር ከቦዲ ጋር ይገናኛል፣ ግፊት ሲመጣ ይለቃል። ይህን ባለ አምስት እግር ሪሌ ላይ 87ኤ በሚባለው እግር ገልብጠው የሚጠቀሙበት ኤሌክትሪሻኖች አሉ፤ ሪሌው በመብራቱ ስዊች ይነሳል፣ ሲነሳ ፓምፑ ይቆማል፣ ግፊት መጥቶ ሪሌው ሲወርድ ፓምፑ ይሠራል። ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ያምራል። ግን ከስዊቹ የሚመጣው ሽቦ ቢበጠስ ወይም ቢነቀል ሪሌው ሞተሩ እየዞረ እንደሆነ ያምናል፤ ፓምፑም ቁልፉ እስከተከፈተ አይቆምም። በግጭት ሰዓት መጀመሪያ የሚበጠሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ ነው። ሲበላሽ ወደ አደጋው የሚያጋድል የደኅንነት መሣሪያ መኪናዬ ላይ እንዲገጠም አልፈቅድም፣ ለእናንተም አልመክርም።

ትክክለኛው ዕቃ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ባለ ሦስት እግር የዘይት ግፊት ስዊች ነው። አንዱ እግር የጋራ ነው። ሁለተኛው ግፊት በሌለበት ጊዜ ከጋራው ጋር የተገናኘ ነው። ሦስተኛው ግፊት ሲመጣ ከጋራው ጋር የሚገናኘው ነው። ግፊት ሳይኖር የተገናኘውን እግር ከሞተሪኖው 50 ቁጥር ታስሩታላችሁ፤ ሞተሪኖ በምትመቱበት ጊዜ ብቻ ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ለማስነሳት የሚሆን ቤንዚንም ይመጣል። ግፊት ሲመጣ የሚገናኘውን ከ15 ቁጥር፣ ማለትም ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚመጣበት መስመር፣ በፊውዝ በኩል ታስሩታላችሁ። የጋራው ወደ ሪሌው 86 ይሄዳል። የሪሌው 85 ወደ ቦዲ ይወርዳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ባትሪው ሥር በተቀመጠ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ አልፎ፣ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ወደ 30 ይገባል፤ 87 ወደ ፓምፑ ይሄዳል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ፓምፑ ደግሞ ከፊት ስለሆነ ሽቦው ረጅም ነውና 2.5 ካሬ ተጠቀሙ። የፓምፑ ኔጋቲቭ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ ይታሰር።

ሪሌው ለምን አስፈለገ? የሪሌ ጥቅል ሽቦ የሚወስደው 0.15 አምፔር ገደማ ነው፤ ትንሿ ስዊች ይህን ለዓመታት ትችላለች። የፓምፑ ሙሉ ኃይል በእሷ ውስጥ ካለፈ ግን በተከፈተችና በተዘጋች ቁጥር ብልጭታው ንኪኪዎቿን ይበላቸዋል፣ አንዳንዴም ያጣብቃቸዋል።

ገበያ ላይ ባለ ሦስት እግሩ ጠፍቶ ባለ ሁለት እግር ስዊች ብቻ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። ብዙዎች ከሞተሪኖው 50 የሚመጣውን ሽቦ ስዊቹ መውጫ ላይ ይደርቡታል። ሞተሩ ሲነሳ በስዊቹ ያለፈው ኤሌክትሪክ በዚያው ሽቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ ሞተሪኖው እየዞረ ባለ ሞተር ላይ ሊነክስ፣ ወይም ሽቦው ሊቃጠል ይችላል። ከሞተሪኖው በሚመጣው ሽቦ ላይ ዳዮድ መግባት አለበት። ባለ ሦስት እግሩ ላይ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ጊዜ ስለማይገናኙ ይህ ችግር የለም፤ እኔ እሱን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሶማሌ ተራ የምታገኟቸው ስዊቾች እግራቸው ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት አይደለም። ጽሑፉን ከማመን በቴስተር ማረጋገጥ ይሻላል። ያለ ግፊት የሚጮኹትን ሁለት እግሮች ለዩ፤ ከዚያ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አየር ቀስ ብሎ ሲገባበት ከሦስተኛው እግር ጋር የሚጮኸውን ፈልጉ። በሁለቱም ጊዜ የጮኸው የጋራው ነው።

ስለ ጥርሱ ደግሞ በጣም አደራ። የቮልስ የዘይት ቀዳዳ፣ ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ያለው፣ ኤም10 በ1 ሾጣጣ ጥርስ ነው። የአሜሪካ ዕቃ አንድ ስምንተኛ ኢንች ኤንፒቲ ሲሆን በኢንች 27 ጥርስ አለው፤ ኤም10 በ1 ሲቆጠር በኢንች 25.4 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የአሜሪካው መጀመሪያ በእጅ ይገባል፣ ልክ የሆነም ይመስላል፤ በቁልፍ ሲጠብቅ ግን ለስላሳውን የሞተር ቤት ጥርስ ይበላዋል፣ ወይም ይሰነጥቀዋል። የድሮ ኮሮላ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ቶዮታ የሚጠቀመው በኢንች 28 ጥርስ ያለውን የእንግሊዝ ሾጣጣ ጥርስ መሆኑን አስታውሱ። መቀየሪያ ሳትይዙ አትጀምሩ።

በአንድ ቀዳዳ ሴንደርና ስዊች ለማስገባት የነሐስ ቲ ይገጠማል። ሴንደሩ ከባድ ነው፤ ቲው ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለ የሞተሩ ንቅንቅ አንገቱን ቀስ በቀስ ይሰብረዋል፣ ዘይቱም በሙሉ ግፊት ይወጣል። የዘይት ግፊት የሚችል ተጣጣፊ ቱቦ ከሞተሩ አውጥታችሁ ቲውን ቦዲ ላይ በቅንፍ ብታስሩት ይሻላል። ያን ጊዜ ሴንደሩ ከሞተሩ የሚያገኘውን ኔጋቲቭ ስለሚያጣ ከአካሉ ወደ ቦዲ የራሱ ሽቦ ይሳብለት። ቴፍሎን ጥርሱ ላይ አትጠቅልሉ፤ ኔጋቲቩን ሊያዳክም ይችላል፣ ቁራጩም ዘይት መንገድ ውስጥ ይገባል። ሾጣጣው ጥርስ በራሱ ይዘጋል።

ስዊቹ በስንት ግፊት እንደሚገናኝ መጠየቅም ያስፈልጋል። ያረጀ ቮልስ በደንብ ሲግል፣ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል፣ የዘይት ግፊቱ ከ10 ፒኤስአይ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ስዊቹ 7 ወይም 8 ላይ የሚለቅ ከሆነ ረጅም የትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ ፓምፑ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራችኋል። 4 ወይም 5 ላይ የሚሠራ ፈልጉ። ፓምፑም ራሱ ከ3 ፒኤስአይ ብዙ የማይበልጥ ይሁን፤ የካርቡሬተሩ መርፌ ከዚያ በላይ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የነበሩ ቮልሶች በአብዛኛው 6 ቮልት ስለሆኑ ፓምፑም ሪሌውም በዚያው ቮልት መሆን አለባቸው።

አንዳንዶቻችሁ «ዘይት ሲያልቅ ሞተሬንም ያድንልኛል» ብላችኋል። አያድንም። ካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ የቀረው ቤንዚን ፓምፑ ከቆመ በኋላም ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ያስኬደዋል፤ ያለ ዘይት ለሚዞር ሞተር ደግሞ ያ ጊዜ ብዙ ነው። ለሞተሩ ቀዩን መብራትና ጌጁን ተመልከቱ፤ የፓምፑ ስዊች ሥራው እሳት መከላከል ነው።

ይህ አሠራር የሠፈር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙ ኢንጀክሽን ሞተሮቹ ላይ የዘይት ግፊት ስዊቹን ከፓምፕ ሪሌው ጎን ለመጠባበቂያ አስሮታል። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ለአሜሪካ ባወጣው ባለ ኢንጀክሽን ቮልስ ላይ አየር ወደ ሞተሩ ሲገባ በሚከፈት ክዳን ፓምፑን ይቆጣጠር ነበር። ከኮይሉ የሚመጣውን ምት የሚቆጥር ሪሌም አለ፤ ምቱ ሲቆም ወዲያው ፓምፑን ያጠፋል። ይህን ካገኛችሁ ከዘይት ስዊች ይልቅ እሱን ግጠሙ፤ ዘይት የሚነካ ነገር የለውም፣ ምላሹም ፈጣን ነው።

የዘይት ስዊች አንድ ቀን ይበላሻል። አባይ በረሃን እየወጣችሁ ፓምፑ ቢጠፋ መኪናውን ከመንገድ ለማውጣት ዳሽቦርድ ሥር የምትጫን ቁልፍ አድርጉ፤ ስትጫን የምትሠራ፣ ስትለቀቅ የምትጠፋ ትሁን። በርታ የምትቀር ማብሪያ ካደረጋችሁ ጥበቃውን ሁሉ አፍርሳችሁታል።

ሥራው ሲያልቅ እንዲህ ፈትሹ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ክፈቱ፤ ፓምፑ ዝም ማለት አለበት። ሞተሪኖውን ምቱ፤ ፓምፑ መሥራት አለበት። ሞተሩ ተነስቶ ቀዩ መብራት ከጠፋ በኋላ ከስዊቹ የጋራ እግር ሽቦውን ንቀሉ፤ ፓምፑ ወዲያው መቆም፣ ሞተሩም ሳህኑ ውስጥ ያለውን ጨርሶ መጥፋት አለበት። በመጨረሻ ቱቦዎቹን በሙሉ በእጅ ዳስሱ፣ በተለይ ካርቡሬተሩ ላይ ተጠቅጥቆ የገባውን የነሐስ ቧንቧ ያዙና ሞክሩት፤ የሚነቃነቅ ከሆነ መኪናው አይነሳ። የመጀመሪያውን ፈተና ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት፤ ስዊቹ ተጣብቆ ቢቀር መኪናው እንደ ወትሮው ስለሚነዳ በሌላ መንገድ አታውቁትም።