እርሾ የማይገዛው የብራስልስ ቢራ ጠማቂ

ከብራስልስ ደቡብ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ብትሄዱ፣ አንደርሌክት በሚባለው ሰፈር አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ያለው ቤት ከውጭ ሲታይ ተራ መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ግን ከ1900 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ካንቲዮን የሚባል ትንሽ ቢራ ጠማቂ አለ።

በብርዱ ወራት፣ ጠመቃ በዋለበት ቀን ማታ፣ እዚህ ቤት ጣሪያ ሥር የሚገርም ነገር ይደረጋል። ለሰዓታት የፈላው የብቅልና የስንዴ ጭማቂ እንፋሎቱን እየለቀቀ ወደ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ይፈስሳል። ገንዳው ክዳን የለውም። መስኮቶቹና የጣሪያው ክፍተቶች ተከፍተው የከተማው አየር እንደልቡ ሲገባና ሲወጣ ያድራል። ጠዋት ፈሳሹ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ ይገኛል፤ ከዚያ ወደ እንጨት በርሜል ይገባል። እርሾ የጨመረ ሰው የለም። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን በርሜሉ አረፋ እየገነፈለበት ነው። ታዲያ እርሾው ከየት መጣ?

ጠላ ሲጠነሰስ ያየ ሰው ይህ ብዙም ላይደንቀው ይችላል። ለጥንስሱ ጌሾና ብቅል ውሃ ውስጥ ይገባል እንጂ ማንም እርሾ ፍለጋ ሱቅ አይሄድም። እርሾው ጌሾው ላይ፣ ብቅሉ ላይ፣ ጋኑ ግድግዳ ላይ አለ። የእንጀራ ሊጥ ለየት ይላል፤ ካለፈው ቡኮ የተረፈ እርሾ አለውና ዘር ተይዞለታል ማለት ይቻላል። ካንቲዮን የሚቀርበው ለጠላው ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ የሚጠጣው አብዛኛው ቢራ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በ1883 ኮፐንሃገን ውስጥ፣ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ነጠላ የእርሾ ሴል ተነስቶ ንጹሕ ዘር ማባዛት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቢራ ፋብሪካ ማለት የተመረጠው እርሾ ብቻ የሚገባበት፣ ሌላው ሁሉ ከበር የሚመለስበት ቦታ እየሆነ መጣ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የዛሬው ጠርሙስና የመጪው ዓመት ጠርሙስ አንድ ዓይነት ይጣፍጣሉ። ካንቲዮን በሩን ከፍቶ እንግዳ ይጠብቃል። ይህ ማለት ግን «የመጣ ሁሉ ይግባ» ማለት አይደለም። ማን በየትኛው ተራ ገብቶ ምን እንደሚበላ የሚወስኑ ብልሃቶች አሉት።

ከምግቡ እንጀምር። ከሚጠመቀው እህል ሁለት ሦስተኛው ገደማ የገብስ ብቅል ነው፤ ቀሪው ያልበቀለ ጥሬ ስንዴ ነው። ብቅል ውስጥ ስታርችን እየቆራረጡ ስኳር የሚያደርጉ ኢንዛይሞች አሉ። ሌላ ጠማቂ እነዚህን ኢንዛይሞች እስኪበቃው ያሠራቸዋል፤ ስኳሩ ሲበዛ እርሾው የሚበላው ይበዛላ! እዚህ ቤት ግን ሥራው ገና ሳያልቅ ድፍርሱን ፈሳሽ ቀድተው ያሞቁታል። ሙቀቱ ኢንዛይሞቹን ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ከስታርቹና ከረጃጅሞቹ የስኳር ሰንሰለቶች ብዙው ሳይቆረጥ ይቀራል። ሥራን ሆን ብሎ በግማሽ ማቆም ነው። ለምን? የተለመደው የቢራ እርሾ እነዚህን ረጃጅም ሰንሰለቶች መብላት አይችልም። እሱ በልቶ ሲጨርስ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሌላ እንግዳ ምግብ ተቀምጦለታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ሆፕ ነው። ሆፕ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ እንደሆነው ነው፤ ምሬት ይሰጣል፣ ባክቴሪያንም ያግዳል። ሌሎች ጠማቂዎች ሆፕን መዓዛው ሳይበርር ለመጠቀም ይጣደፋሉ። ካንቲዮን የሚፈልገው ሦስት ዓመት ገደማ የተቀመጠውን አሮጌ ሆፕ ነው። ሲያረጅ ምሬቱ በአብዛኛው ይጠፋል፤ ባክቴሪያን የማገድ አቅሙ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እንዲኮመጥጥ ለታሰበ መጠጥ ደግሞ ብዙ ምሬት አይስማማውም።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ በርሜሉ እንግባ። የቤልጅየም ተመራማሪዎች ከካንቲዮን በርሜሎች ለሁለት ዓመት ያህል ናሙና እየቀዱ ውስጡ ማን መቼ እንደሚኖር ተከታትለው ውጤቱን በ2014 አሳትመዋል። ቀድመው የሚደርሱት ኢንተሮባክቴሪያ የሚባሉ፣ አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጋር የሚዛመዱ ናቸው። በዚህ ጊዜ ያለው ፈሳሽ ለአፍ የሚሆን አይደለም። ደግነቱ ዕድሜያቸው አንድ ወር ገደማ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ከዳቦና ከተራ ቢራ የምናውቃቸው የሳካሮማይሲስ እርሾዎች ቤቱን ይረከባሉ፤ ቀላሉን ስኳር በልተው አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ፔዲዮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ላክቲክ አሲድ ይሠራል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። አልኮልና አሲድ በበዛበት ቦታ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ መኖር አይችሉም። ስድስት ወር አካባቢ ሲሞላ ምግብ የተቀመጠለት እንግዳ በርሜሉን ይቆጣጠራል፤ እሱም ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾ ነው።

ስሙን ያወጣለት በ1904 የዚያው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሰው ኒልስ ክላውሰን ነው። በእንግሊዝ ቢራ ውስጥ ስላገኘው «የብሪታንያ ፈንገስ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ኋላ ከብራስልስ ቢራ የተገኘው ዝርያ በከተማዋ ስም ብሩክሴለንሲስ ተባለ። ንጹሑን እርሾ ለዓለም ያስተዋወቀው ላቦራቶሪ ለዱሩም ስም ማውጣቱ እኔን ሁሌ ያስቀኛል። ወይን ጠማቂዎች ብሬታኖማይሲስን እንደ ጠላት ነው የሚያዩት፤ የፈረስ ጋጣ የሚመስል ሽታ ያመጣልና። እዚህ ግን ለወራትና ለዓመታት ረጃጅሞቹን ሰንሰለቶች ቀስ እያለ እየበላ የቢራውን ጣፋጭነት ያጠፋል። ፈሳሹ ላይ የሚረጋው ስስ ሽፋንም ቢራውን ከኦክስጅን ይጋርደዋል።

በርሜሎቹ በሚደረደሩበት ክፍል የሸረሪት ድር አይጠረግም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። የሚፈላ ነገር ሽታ ትንንሽ ዝንቦችን ይጠራል፤ ዝንቦቹ ደግሞ ቢራውን ኮምጣጤ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎችን ተሸክመው ይመጣሉ። እርሾው ክፍት አየር ውስጥ በሚኖርበት ቤት መድኃኒት መርጨት አይታሰብም። ሸረሪቶቹ ያለ ደመወዝ ይሠራሉ።

«ይህ ቢራ ከብራስልስና ከሴን ወንዝ ሸለቆ ውጭ የትም ሊሠራ አይችልም» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በጣም የሚያምር አባባል ነው፤ ግን እውነት አይደለም። ብሬታኖማይሲስ በብዙ አገር የወይን ጓዳዎች ውስጥ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ ሜይን ግዛት ያለው አላጋሽ የሚባል ጠማቂ በ2007 ተመሳሳይ ገንዳ ሠርቶ የራሱን አየር እያስገባ ይጠምቃል። አየሩ ብቻውን አይደለም ሥራውን የሚሠራው። እንጨት ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ በርሜሉ ቢታጠብም እርሾው ውስጡ ተደብቆ ይተርፋል፤ ለዓመታት ያገለገለ የጠላ ጋንን አስቡት።

በርሜሉ ውስጥ የሚኖረው መጠጥ ላምቢክ ይባላል። የካንቲዮን ቢራዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ የአንዱ ላምቢክ ልጆች ናቸው። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሳይደባለቅ ሲታሸግ ግራን ክሩ ብሩክሴላ ነው፤ ጋዝ የለውም፣ ሲቀዳ ከቢራ ይልቅ ወይን ይመስላል። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ሲደባለቁ ደግሞ ጌዝ ይሆናል። በዚህ ድብልቅ ውስጥ አሮጌው ጣዕሙን ያመጣል፤ ወጣቱ ገና ያልተበላ ስኳር ያመጣል። ጠርሙሱ ከታሸገ በኋላ እርሾው ያን ስኳር ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ስለሌለው ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። ሻምፓኝ አረፋ የሚያወጣውም በዚሁ መንገድ ስለሆነ ጠርሙሱ ወፍራም መሆን አለበት። ኮምጣጣ ቼሪ ሲገባበት ክሪክ፣ ራስቤሪ ሲገባበት ሮዜ ደ ጋምብሪኑስ፣ አፕሪኮት ሲገባበት ፉ ፉን ይባላል። ለክሪኩ በአንድ ሊትር 200 ግራም ያህል ፍሬ ይገባል። ታዲያ ፍሬ ገባ ሲባል ጣፋጭ እንዳይመስላችሁ፤ የፍሬውን ስኳር እርሾው ይበላዋል፣ የሚቀረው ቀለሙ፣ መዓዛውና ኮምጣጣነቱ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ወጣ የሚለው ኢሪስ ነው፤ ስንዴ የለበትም፣ ትኩስ ሆፕም ይገባበታል። ስሙ የብራስልስ ምልክት የሆነችው አበባ ናት።

ፖል ካንቲዮንና ባለቤቱ ማሪ ትሮክ በ1900 ሲጀምሩ አይጠምቁም ነበር። ከሌሎች ላምቢክ እየገዙ ይደባልቁ ነበር። ያን ጊዜ ብራስልስ ውስጥ ከ100 በላይ ጠማቂዎች ስለነበሩ የሚገዛ አይጠፋም። የራሳቸውን መጥመቅ የተጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ በልጆቻቸው ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለስላሳ መጠጥና የጣፈጠ ቢራ ገበያውን ሲወስድ ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ዘጉ። የቤተሰቡ አማች ዣን ፒየር ቫን ሮይ ስኳር በመጨመር ፋንታ በ1978 ቤቱን ሙዚየም አደረገው፤ ሥራው ሳይቆም ሰው እየገባ የሚያይበት ሙዚየም። ቤቱን ያተረፈው ምስጢር መደበቅ ሳይሆን በር መክፈት ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የሚጠምቀው ልጁ ዣን ነው።

ብርዱን አልረሳሁትም። ገንዳው ውስጥ የሚያድረው ፈሳሽ የሚመቸው ሌሊት ከዜሮ በታች 3 እና ከዜሮ በላይ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ያለው ነው። ሌሊቱ ሞቅ ካለ ፈሳሹ ለመቀዝቀዝ ይዘገያል፤ ባክቴሪያ በሚወደው ለብ ያለ ሙቀት ላይ ብዙ ሰዓት ይቆያል። በዚያ ላይ በሞቃት ወቅት አየሩ ራሱ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎች ይበዙበታል። ተራውን ያልጠበቀ እንግዳ ቀድሞ ገብቶ ሁሉንም ይበላል። በጋ ላይ የማይጠመቀው ለዚህ ነው።

ዣን ቫን ሮይ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ አያቱ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ሜይ ይጠምቁ ነበር። እሱ የሚጠምቀው ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ ነው። በኖቬምበር 2015 ሌሊቶቹ እምቢ ብለው ሞቁ፤ ጠመቃው ተቋረጠ። በማሽን ማቀዝቀዝማ ቀላል ነበር፣ ቢራ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ግን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ በደቂቃዎች የቀዘቀዘ ፈሳሽ ከሌሊቱ አየር ጋር አይገናኝም። ሌሎቹን ብልሃቶች፣ እህሉንም ሆፑንም በርሜሉንም፣ ቤቱ ራሱ ያዘጋጃል። ብርዱን ብቻ ነው ከሰማይ የሚጠብቀው።

የባከነ የጠመቃ ቀን ዋጋ ደግሞ ያኔውኑ አይታይም። ጌዝ ውስጥ የሦስት ዓመት ላምቢክ መግባት አለበት። በ2015 ያልተሞላ በርሜል ባዶነቱ የሚቆጠረው በ2018፣ ድብልቁ በሚቀመስበት ጠረጴዛ ላይ ነው።