ሙቀቱን የቻለው፣ ዘይቱን የሚፈራው

«ድንጋይ መስሎህ እንዳትረግጠው፤ ነፍስ አለው» አለኝ ስለ ኮራሉ፣ በእስራኤሏ የቀይ ባሕር ከተማ በኤይላት ለጠላቂዎች የአየር ሲሊንደር የሚሞላ አንድ ጎንደሬ። ራቅ ብሎ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደቡ ላይ ቆሟል። «እሱን ግን እንዳትረግጥ የሚለው የለም» ብሎ ሳቀ። ነገሩ ከነከነኝ።

ኮራልን የሚሠራው ፖሊፕ የተባለ ትንሽ እንስሳ ከባሕሩ ካልሲየም እየወሰደ የኖራ አጽም ይሠራል፤ ሥጋው ውስጥ ያስጠጋው አልጌ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጀ ይቀልበዋል። አንዱ ሲሞት ሌላው በአጽሙ ላይ ይሰፍራል። እንዲህ የሚከመረው ሪፍ ከውቅያኖስ ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ ከባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን በሕይወት ዘመናቸው አንድ ወቅት ይጠለሉበታል።

የኤይላቱ ሪፍ የባሕሩን ዳር ይዞ ያደገ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 አቶል (ቀለበት የመሰለ ሪፍ) የሚጀምረው ከዚህ ዓይነቱ ሪፍ መሆኑን ጻፈ፦ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ደሴት ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ዙሪያውን የያዘው ኮራል ወደ ብርሃኑ ያድጋል፣ በመጨረሻ ደሴቱ ጠፍቶ ቀለበቱ ይቀራል። ይህ ሐሳብ ያስነሣው ክርክር የተቋጨው በ1952 በፓስፊኩ ኢንዌታክ አቶል ላይ ሲቆፈር ነው፤ መሰርሰሪያው ከሺህ ሜትር በላይ የኖራ ድንጋይ አልፎ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አገኘ። ቁፋሮው ለቦምብ ሙከራ ዝግጅት ነበር። ሳይንስ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ባለውለታ አለው።

የቀይ ባሕር ታሪክ ደግሞ ይብሳል። የዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ውሃው ዳናክል ድረስ ገብቶ ነበር፤ የኮራል ቅሪቱ ዛሬም አፋር ውስጥ ይታያል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግን የባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ወረደ፣ ጨዋማነቱ ናረ፣ ኮራሉም በአብዛኛው አለቀ። ኋላ ከህንድ ውቅያኖስ የተመለሰው በደቡቡ በር በባብ ኤል መንደብ ነው። የደቡቡን ሞቃት ውሃ ያልቻለ ኤይላት ወዳለበት ሰሜን አልደረሰም። ተመራማሪው ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ የኤይላት ኮራል ሙቀት የሚችለው በዚህ ማጣሪያ ስላለፈ ነው ይላሉ።

«ሙቀቱንማ ችሎታል። ዘይት ግን ማን ይችላል? እኔ እንኳ እጄን በሳሙና ታጥቤ አይለቀኝም» ይላል ጎንደሬው።

ከኤይላት አሽቀሎን የሚዘልቀውን የነዳጅ ቱቦ የሠራው በ1968 ከኢራን ጋር በሽርክና የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት አሠራሩ በምስጢርነት ትእዛዝ ተሸፍኖ ኖሯል። በዲሴምበር 2014 ቱቦው ተሰብሮ 5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ በኤቭሮና በረሃ ፈሰሰ። በ2020 የኤምሬትስን ነዳጅ በዚሁ ለማሳለፍ ስምምነት ተፈረመ፤ በዓመቱ የእስራኤል የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በወደቡ የሚራገፈው ነዳጅ መጨመሩን ተቃወመ። አንድ ባለሥልጣን ስለዚሁ ስጠይቃቸው «በጽሑፍ ላክ» አሉኝ። ላክሁ፤ መልስ የለም።

«እኛ እዚህ እንጀራ የምንበላው ሰው ዓሣ ሊያይ ስለሚመጣ ነው» አለኝ ጎንደሬው። «መርከቡ ግን ለማን እንጀራ እንደሚያመጣ የነገረን የለም።»

ኮራሉን ለመጉዳት መፍሰሱ የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ባሩክ ሪንኬቪችና ዮሲ ሎያ በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ በነዳጅ ወደቡ አጠገብ ጥቂት በጥቂቱ ሲበከል የኖረው ኮራል ከሌላው ይልቅ ብዙ ይሞት፣ እጭም አሳንሶ ይለቅ ነበር።