የትኛውን ስትሪፕ ልግዛ?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፦ «በአርዱይኖ መብራት መሞከር ልጀምር ነው፤ የቱን ስትሪፕ ልግዛ?» በ5 ቮልት የሚሠራውን ደብሊውኤስ2812ቢ፣ በሜትር 60 አምፖል ያለውን፣ ለጊዜው አንድ ሜትር ብቻ።

ሱቅ ስትሄዱ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ለኮርኒስ ጌጥ የሚሸጠው ባለ ሪሞት ስትሪፕም ቀለም ይቀያይራል፤ አብዛኛው ግን የሚቀያይረው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ላይ ነው። ሦስተኛዋን አምፖል ቀይ፣ አራተኛዋን ሰማያዊ ላድርግ ብትሉ አይሆንም። የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 12 ቮልት፣ አር፣ ጂ፣ ቢ የሚሉ አራት ነጥቦች ካሉት ተዉት። የእኛው ሦስት ነጥብ ነው፦ 5 ቮልት፣ ዳታ እና ግራውንድ።

አጠገባቸው ቀስት አለ፤ እሱን አትናቁት። እያንዳንዷ አምፖል ውስጥ ትንሽ ቺፕ ተቀምጧል። ከሚመጣው ዳታ የመጀመሪያውን 24 ቢት ለራሷ ታስቀርና የተረፈውን ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። መንገዱ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ ዳታውን በተቃራኒው ጫፍ ያስገባ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ቢያርም አይበራለትም።

ጀማሪን በብዛት የሚያስቸግረው ግን ኮዱ ሳይሆን ኃይሉ ነው። ኮዱንማ ፋስትኤልኢዲ የሚባለው ላይብረሪ ያቀልላችኋል። አንዷ አምፖል በሙሉ ነጭ ስትበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ትወስዳለች። 60ዎቹ አንድ ላይ 3.6 አምፔር ማለት ነው፤ ይህን ከአርዱይኖው ላይ ልሳብ ማለት ቦርዱን ማቃጠል ነው። ለስትሪፑ የራሱ ባለ 5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ስጡት፣ 4 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ። የፓወር ሰፕላዩንና የአርዱይኖውን ግራውንድ ማገናኘት አትርሱ፤ ካልተገናኘ መብራቱ እንደፈለገው ይብለጨለጫል። ዳታው ሽቦ ላይ 330 ኦም ሬዚስተር፣ ኃይሉ መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብታስገቡ ደግሞ የመጀመሪያዋ አምፖል ዕድሜ ይረዝማል።

12 ቮልቱ ደብሊውኤስ2811ስ? ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት አምፖል አንድ ላይ ነው የሚታዘዘው፤ ለረጅም የግድግዳ ጌጥ ጥሩ ነው፣ ለመማሪያ አልመርጠውም። ኢኤስፒ32 ያላችሁ ደግሞ፣ ቦርዱ የሚልከው 3.3 ቮልት ለስትሪፑ አንዳንዴ አይበቃም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ አርዱይኖ ኡኖ ይቀላል።

ብር ካጠረ ባለ 8 አምፖሏን ቁራጭ ግዙ። ብርሃኗን በኮድ ግማሽ ካደረጋችሁት ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ በሚመጣው ኃይል ብቻ ትሠራለች፤ ፓወር ሰፕላዩ ሌላ ቀን ይደርሳል።