ብብት ላይ እየተመላለሰ የሚወጣ እባጭ

ብብትዎ ወይም ብሽሽትዎ ላይ የሚያም እባጭ ወጣ። ፈነዳ፣ መግል ፈሰሰ፣ ደረቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ቦታ እንደገና ወጣ። ተራ ብጉንጅ አንዴ ከዳነ ብዙውን ጊዜ ዳነ ነው። የሚመላለሰው ግን ሐኪሞች ሃይድራደናይቲስ ሰፑራቲቫ የሚሉት፣ ቆዳን ደጋግሞ የሚያስቆጣ የቆየ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ከምን ይመጣል? ጸጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ይደፈንና ከቆዳ ሥር ይፈነዳል። የሰውነት መከላከያም ከመጠን በላይ ይቆጣል። ይህ ሲደጋገም መግል የሚመላለስበት ቦይ ከሥር ይሠራል፤ ጠባሳም ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ከጉርምስና በኋላ ይጀምራል፤ በዘር የሚወርድበትም ጊዜ አለ። ማጨስና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያባብሱታል።

ይተላለፋል? አይተላለፍም። ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ስለዚህ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

እንዴት ይታወቃል? ይህን በሽታ ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የእባጩን መልክ፣ የወጣበትን ቦታና ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ያያል። በ6 ወር ውስጥ 2 ጊዜና ከዚያ በላይ ከወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጎን ለጎን የሚታዩ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችም ምልክት ናቸው። የእጢ ቲቢም ብብት ላይ አብጦ መግል ስለሚያፈስ፣ ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ሊያስመረምር ይችላል።

የት ልሂድ? መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ። ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ይላካሉ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን ወጣ ብሎ ይገኛል። ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ይነሳል ብለው አይቅሩ። ሆስፒታሉ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞችን ያክማል።

ሕክምናው ምንድን ነው? እንደ ደረጃው ይለያያል። ቀለል ላለው ክሊንዳማይሲን የሚባል የሚቀባ መድኃኒት ይታዘዛል። ከበድ ሲል ዶክሲሳይክሊን የሚባል እንክብል እስከ 12 ሳምንት ይወሰዳል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። ያ ካልበቃ ክሊንዳማይሲንና ሪፋምፒሲን አብረው ሊሰጡ ይችላሉ። ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒት ስለሆነ፣ ቲቢ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይጀመርም። ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ የእርግዝና መከላከያ እንክብልንም ያዳክማል።

መብጣትስ? ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አይነቅለውም። ቦይ ከተሠራ፣ ሐኪሙ አካባቢውን አደንዝዞ የቦዩን ክዳን ቆርጦ ያነሳዋል፤ ቁስሉም ከሥር ወደ ላይ እየሞላ ይድናል። ቤት ውስጥ በምላጭ መብጣት ግን ቁስሉን ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ምን ያህል ያስወጣል? ዶክሲሳይክሊን ከርካሾቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ወጪው የሚከብደው በምልልሱ፣ በፋሻውና ከሥራ በሚቀሩበት ቀን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ ያለ ወረቀቱ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በውጭ አገር ለከባድ ደረጃ አዳሊሙማብ የሚባል መርፌ ይሰጣል። እሱ ግን ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው፤ ቦዩ ሳይበዛ መታከም የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥስ? ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። ቦታውን ሳያሹ በቀስታ ይታጠቡ። ሲቆጣ አይላጩት። የሚያጨሱ ከሆነ ይተዉ። ትኩሳት ከያዘዎት ወይም መቅላቱ በፍጥነት ከሰፋ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

በሽታው ሙሉ በሙሉ የሚነቀል ባይሆንም በሕክምና ይረግባል። እባጩ በዚያው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ከወጣ፣ ሦስተኛውን ሳይጠብቁ ይታዩ።