የከባድ መኪና ጎማ በምን ያልቃል?

ተሳቢ የሚጎትቱ ሁለት መኪኖች በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ጎማ ገዝተው ገጠሙ እንበል። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይመላለሳሉ። ከወራት በኋላ የአንደኛው ጎማ ጥርሱ ገና ነው፤ የሌላው ጎሚስታ ደጅ ላይ ተከምሯል። ባለንብረቱ ፍርዱን ለመስጠት አይቸገርም፤ «ከቻይና ጎማ ምን ይጠበቃል!» ይላል። ጎማ ከጎማ እንደሚበልጥ አልክድም። ግን ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ከሆኑ ጥፋቱን በፋብሪካው ማሳበብ አያስኬድም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሙቀት ነው።

ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ አሥር ጊዜ ያህል ወዲህና ወዲያ እጠፉትና የታጠፈበትን ቦታ ንኩት፤ ይሞቃል። ጎማም እንደዚያው ነው። መሬት የነካው ክፍል በጭነቱ ይጨፈለቃል፣ ከመሬት ሲነሳ ተመልሶ ይቀናል። በእያንዳንዱ መጨፍለቅና መቅናት ከጉልበቱ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ጎማው ውስጥ ይቀራል። የሲኖትራክ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 300 ጊዜ ይዞራል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ እስኪደርስ ከሩብ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታጠፈ ማለት ነው። ላስቲክ ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አያወጣም፤ ወፍራሙ የጎማው ትከሻ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ መስሎ ውስጡ ግን የጋለ ሊሆን ይችላል። የውስጡ ሙቀት ከ120 ዲግሪ ሲያልፍ ላስቲኩን ከብረት ሽቦው ጋር ያጣበቀው ነገር መላላት ይጀምራል። ከገዋኔ እስከ ሰመራ በመንገዱ ዳር እንደ ቆዳ ተልጠው የምናያቸው የጎማ ቁራጮች ብዙዎቹ የዚህ ውጤት ናቸው።

ታዲያ ጎማን ከመጠን በላይ የሚያሳጥፈው ምንድን ነው? ንፋስ ማነስ፣ ጭነት መብዛት፣ ፍጥነት። ሦስቱ ከተገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። አፋር ሜዳ ላይ አየሩ ከ40 ዲግሪ፣ አስፋልቱ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ጎማው ሙቀቱን የሚሰጠው ቀዝቃዛ ነገር ያጣል። ነባር ሾፌሮች ያንን በረሃ በሌሊት ማቋረጥ የሚመርጡት ለራሳቸው ምቾት ብቻ አይደለም።

የንፋሱ ነገር ትንሽ ሒሳብ አለው፤ ብዙ ጎማ የሚጠፋውም እዚህ ሒሳብ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በማለዳ፣ በ15 ዲግሪ፣ ጎማውን 110 ፒ ኤስ አይ ሞላነው እንበል። ያው ጎማ ጅቡቲ ወርዶ፣ ቆሞ ቀዝቅዞ፣ በ40 ዲግሪ ቢለካ ወደ 117 ያነባል። ሙቀቱ ግፊቱን ይጨምራል፤ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ላይ ከሚገኝ ከተማ መውረዱ ደግሞ ጥቂቱን ይቀንሳል፣ ቆላ ላይ የውጭው አየር ራሱ ጎማውን ይበልጥ ይጫነዋልና። ይህ ጤነኛ ለውጥ ነው፤ ጎማ ሠሪዎቹም አስበውበታል።

ችግሩ የሚመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ጎማው በጉዞ ግሎ ሰመራ ላይ ሲለካ 130 ያነባል። ረዳቱ ይደነግጣል፤ እንዳይፈነዳ ብሎ ወደ 110 ያስተነፍሰዋል። ጎማው ሲቀዘቅዝ ያ ንፋስ ተመልሶ አይመጣም። ጭነቱን ይዞ ሽቅብ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቆሞ ቀዝቅዞ በንጋት ቢለካ ልኩ 92 ግድም ሆኖ ይገኛል። ልብ በሉ፣ በዚህ መስመር ከባዱ ጭነት የሚመጣው ከወደብ ወደ ደጋ ነው፤ ጎማው ንፋስ ያነሰው በጣም በሚያስፈልገው ጉዞ ላይ ነው። በሚቀጥለው ቁልቁለት በአነስተኛ ንፋስ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፤ መለኪያው አሁንም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ረዳቱም እንደገና ያስተነፍሳል። ጎማ የሚለካው ሳይሄድ፣ በማለዳ፣ ሲቀዘቅዝ ነው። የጋለ ጎማ አይተነፈስም።

ጎማን በመዶሻ መምታት ጨርሶ የተነፈሰውን ለመለየት ይረዳል፤ 110ን ከ92 ለመለየት ግን አይረዳም። በተለይ ከኋላ ጥንድ ሆነው ከሚገጠሙት የውስጠኛው ቫልቭ ለእጅ ስለማይመች የሚለካው የለም። አንዱ ንፋስ ሲያንሰው የጎረቤቱ ጎማ የሁለቱን ሸክም ይሸከማል፣ ፈንድቶም ጥፋቱ የራሱ ይመስላል። አሮጌና አዲስ ጎማ ጎን ለጎን ማጣመርም ይህንኑ ያመጣል፤ ትልቁ ይጫናል፣ ትንሹ ይንሸራተታል።

ደጋው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ሲወረድ፣ በከባድ ማርሽ ፋንታ ፍሬን ላይ ብቻ የሚተማመን ሾፌር የፍሬኑን ግለት በቸርኬው በኩል ለጎማው ያወርሰዋል። በክረምት ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ ላስቲክ ሲረጥብ በስለት ቶሎ ይቆረጣል። ውሃው ለድንጋዩ ስለት ማለስለሻ ይሆንለታል። ኮረት ጫኝ መኪኖች በሐምሌ ጎማቸው በየቦታው ተቆርጦ ቢታይ አይግረማችሁ።

ስለ ኮረት ካነሳን፣ ለድንጋይ ካባ የተሠራ ወፍራም ጥርስ ያለው ጎማ «ይህ ነው ጠንካራ» ተብሎ ለጅቡቲ መስመር ሲገዛ አያለሁ። ወፍራም ጥርስ ከድንጋይ ይጠብቃል፣ ሙቀትንም ውስጡ አፍኖ ይይዛል። ካባ ውስጥ በዝግታ ለሚሄድ ደግ ነው፤ በረሃ ላይ ለሚከንፍ ግን ገንዘብ ከፍሎ ፍንዳታ መግዛት ነው።

ቆሞ የሚውል መኪናም አይድንም። ላስቲኩ ውስጥ ፀሐይና ኦዞን እንዳይሰነጥቁት የተቀላቀለ ሰም አለ፤ ጎማው ሲታጠፍ ሰሙ ወደ ላይ እየወጣ ይሸፍነዋል። ለወራት ጉምሩክ ግቢ ወይም ጋራዥ የቆመ ጎማ ግን ስለማይታጠፍ ሰሙ እንደልብ አይወጣም፣ ጎኑ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። ጣሪያ ላይ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ስኮርታም ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንደ አዲስ አይቆጠርም።

ስለዚህ ጎማ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ጎኑን አገላብጡና አራት አሃዝ ያለውን ቁጥር ፈልጉ። 3522 ካለ በ2022 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ወደ 2014 መጨረሻ ግድም ይመጣል። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢል ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ያልተነዳ ማለቱ ነውና።